ባለ ጎማ ሮቦትና መንገድ ማወቂያዎቹ

ባለ ጎማ ሮቦት ኪት ገዢው ራሱ ገጣጥሞና ኮድ ጽፎ የሚነዳት ትንሽ ተሽከርካሪ ናት። ሳጥኑ ሲከፈት ገበታ፣ ሞተሮች ከነጎማቸው፣ የሞተር መንጃ ቦርድ፣ ኮዱ የሚጫንበት ቦርድ፣ የባትሪ ቤትና ጥቂት ሴንሰሮች ይገኙበታል። ሻጮች ብዙ ጊዜ ኪቱን የሚያሞግሱት በሴንሰሮቹ ብዛት ነው፤ ይህ ግን ጥሩ መለኪያ አይደለም። በብሪስቶል ይሠራ የነበረው የአንጎል ተመራማሪ ግሬይ ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የሠራቸው ባለ ሦስት ጎማ «ኤሊዎች» አንድ የብርሃን ሴል፣ አንድ የንክኪ ማብሪያና ሁለት የቫኪዩም ቱቦ ብቻ ይዘው ብርሃን ተከትለው ይሄዱ፣ ከዕቃ ጋር ሲጋጩም ዞረው ያልፉ ነበር።

በቅድሚያ መታየት ያለበት አነዳዱ ነው። በሁለት ሞተር የሚነዳና ከኋላ ወይም ከፊት በነፃ የምትሽከረከር ትንሽ ጎማ የምትደግፈው ሮቦት የሚታጠፈው የግራና የቀኝ ጎማዎቹ ፍጥነት ሲለያይ ነው። አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ከዞረ ባለበት ይሽከረከራል። አራት ቋሚ ጎማ ያለው ለዓይን ጠንከር ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን በታጠፈ ቁጥር ጎማዎቹ ወለሉን እየፋቁ ወደ ጎን ስለሚንሸራተቱ ባትሪ ይበላል፣ የዞረበትን ማዕዘን ማስላትም ያስቸግራል። ለጀማሪ ባለ ሁለት ሞተሩ ይሻላል።

በርካሽ ኪቶች ውስጥ የሚገኘው ቢጫ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቱን 48 ጊዜ የሚቀንሱ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። ሁለት እንዲህ ያሉ ሞተሮች እኩል ቮልት ቢያገኙም እኩል አይዞሩም፤ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የታዘዘው ሮቦት ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ይህን የሚያርመው የጎማውን ዙር የሚቆጥረው ኢንኮደር ነው። ገንዘብ ካነሰ ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህ መገዛት አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የተለመደው ጎማ ዲያሜትሩ 65 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በአንድ ዙር 204 ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የኢንኮደሩ ሰሃን 20 ቀዳዳ ካለው እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። አንዳንድ ኪት ሰሃኑን ሰጥቶ ቀዳዳውን የሚያነበውን ክፍል ያስቀራል፤ ከመግዛት በፊት ማጣራት ይገባል። አንድ አንባቢ ብቻ ያለው ኢንኮደር ጎማው ወደ ፊት ይዙር ወደ ኋላ አይለይም። ሞተሩ ላይ የሚገጠመው ባለ ሁለት መስመር ማግኔታዊ ኢንኮደር ግን ይለያል፣ አቆጣጠሩም የረቀቀ ነው።

የኢንኮደር ድክመት ስሕተቱ መጠራቀሙ ነው። ሮቦቱ አቅጣጫውን በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢስት 5 ሜትር ሲሄድ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጎማ ሲንሸራተት ደግሞ ቆጠራው ራሱ ይዋሻል። ኤምፒዩ-6050ን በመሰለ ርካሽ ቺፕ ላይ ያለው ጋይሮስኮፕ የመዞር ፍጥነትን ስለሚለካ እዚህ ላይ ያግዛል። ሮቦቱ ቆሞም ሳለ የጋይሮስኮፑ ንባብ ትንሽ ስለሚዛነፍ፣ ሲበራ ለጥቂት ሰከንድ ሳይነቃነቅ ቆይቶ የስሕተቱ መጠን መመዝገብ አለበት። ኮምፓስ ከሞተር ማግኔትና ከወለል ብረት አጠገብ ብዙም አይታመንም።

እንቅፋትን አስቀድሞ ለማየት በብዛት የሚሸጠው ኤችሲ-ኤስአር04 የተባለው የአልትራሳውንድ ሴንሰር ነው። ሰው የማይሰማውን የ40 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ይለቅና የገደል ማሚቶውን ይጠብቃል። ድምፁ ደርሶ መልስ ስለሚጓዝ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 58 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በወረቀት ላይ ከ2 ሴንቲ ሜትር እስከ 4 ሜትር ይለካል ይባላል። መጋረጃና ሶፋ ግን ድምፁን ይውጡታል፤ ሰያፍ ግድግዳ ደግሞ ወደ ሌላ ያነጥረዋል፣ ሮቦቱም መንገዱ ክፍት መስሎት ይላተማል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ የአየሩ መሳሳት ልኬቱን ያዛባ ይሆን ብሎ መስጋት አያስፈልግም፤ የድምፅ ፍጥነት የሚከተለው ሙቀትን እንጂ የአየር ግፊትን አይደለም። የ10 ዲግሪ ልዩነት በአንድ ሜትር ላይ የሚያመጣው ስሕተት 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ቪኤል53ኤል0ኤክስ የተባለው የሌዘር ሴንሰር እስከ 2 ሜትር ድረስ ይለካል። ብርቱ ፀሐይ ያደክመዋል፤ መስታወትንም አልፎት ሊሄድ ይችላል። በገበታው ሥር የሚገጠሙት የኢንፍራሬድ መስመር ጠባቂዎች ሥራቸው አንድ ነው፦ ጥቁር መስመር ብርሃን እንደሚውጥ፣ ነጭ ወለል እንደሚመልስ ማየት።

የኤሌክትሪክ ነገር ብዙ ጀማሪዎችን ያደናግራል። ኤል298ኤን የተባለው የቆየ የሞተር መንጃ ለራሱ 2 ቮልት ያህል ያስቀራል። ባለ 1.2 ቮልት አራት ባትሪ ሲገባ ከ4.8 ቮልት ውስጥ ለሞተሩ የሚደርሰው 3 እንኳ አይሞላም፤ ሮቦቱ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይሄድም። ቲቢ6612 የተባለው በጣም ያነሰ ያባክናል። ሞተሮቹ ሲነሡ ቮልቱ በድንገት ስለሚወርድም ለቦርዱ የተለየ ባትሪ ማድረግ፣ የሁለቱንም አሉታዊ ሽቦ ግን ማገናኘት ይመከራል።

ከቦርዶች ነባሩ አርዱዪኖ ኡኖ 2 ኪሎ ባይት ራም ብቻ ቢኖረውም እስካሁን ለተጠቀሱት ሁሉ ይበቃል። ኮዱ ተደብቆ በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚታዘዝ ኪት ግን መጫወቻ እንጂ መማሪያ አይሆንም። ዙሪያውን እየቃኘ ካርታ የሚያስነሣው ሊዳር፣ ካሜራም ጭምር፣ ራስበሪ ፓይን የመሰለ ሙሉ ኮምፒውተር ስለሚፈልጉ ለሁለተኛው ሮቦት ቢቆዩ ይሻላል።