ዓሣው በክረምት ወዴት ይሄዳል?

በፆም ወራት አዲስ አበባ ላይ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል። በቂርቆስና በካዛንቺስ ምግብ ቤት ገብቶ የዓሣ ጥብስ የሚያዝ ሰው፣ ዓሣው ከየት እንደመጣ ብዙም አይጠይቅም። ከዝዋይ፣ ከጫሞ፣ ከጣናም ይመጣል። እኛ የጣናውን እንመልከት።

በጣና ዳር የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ለብዙ ዘመን ዓሣ አጥምደዋል። ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ግን የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ መጣ። ዓሣውም በመኪና ወደ አዲስ አበባ ይጫን ጀመር።

ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የሚባል አለ። ዓይነቱ 15 ያህል ነው፤ አብዛኛው በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውሃ በሚወርድበት ጠጠር ላይ ነው። አጥማጁ ይህን ያውቃል። ስለዚህ መረቡን ወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል። ብዙም ይይዛል። ግን የያዛት እንቁላል የተሸከመችውን ነው! የዘር እህል ፈጭቶ እንደ መብላት ማለት ነው። ተመራማሪዎች ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት አሥር ዓመታት ውስጥ ነጭ ዓሣው ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ጎድሎ አገኙት።

ጥፋቱ የመረብ ብቻ አይደለም። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የሚጨምርም አለ፤ ትልቁም ትንሹም ዓሣ አብሮ ያልቃል። ከታረሰ ተዳፋት የሚወርደው ደለልም ጠጠሩን ያለብሰዋል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም የወንዞቹ አፍ ከመረብ ነጻ ቢሆን ዓሣው ይራባል። ታዲያ የዕለት ጉርሱ ከታንኳው የሆነ ሰው እነዚያን ወራት በምን ይለፍ? መረብ የሚከለክል ይህንንም አብሮ ማሰብ አለበት።