«መጀመሪያ ፍቱኝ»

ከአዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ ከቆሼ አጠገብ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። አንድ ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍሉ ሳይከፈት አንዲት ባጃጅ በራችን ላይ ቆመች። እናትና ታላቅ ወንድም ወረዱ፤ ከኋላቸው ሁለት እጁ በናይለን ገመድ የተጠፈረ ሃያ ምናምን ዓመት የሚሆነው ልጅ። ቆሼ ላይ ብረትና ሃይላንድ እየለቀመ ያደገ ልጅ ነው። ከእንቅልፍ ጋር ከተለያየ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ማታ ማታ ቆራሌዎች በግድግዳው ውስጥ ሆነው ስሙን ይጠሩታል።

«ሲስተር ልጄ፣ አስተኙልኝ፤ እኔ እፈርማለሁ» አሉኝ እናቱ።

«አንተስ ወንድሜ፣ ምን ትላለህ?»

«መጀመሪያ ፍቱኝ፤ ከዚያ እነግራችኋለሁ።»

ወንድሙ «ከተፈታማ ይሮጣል» ብሎ ተቆጣ። ፈታነው፤ አልሮጠም። ውሃ ለመነና ጠጥቶ ሲጨርስ፣ «እንክብሉን እውጣለሁ፤ መርፌ ግን አልወጋም፤ አማኑኤል ሆስፒታልም አልገባም» አለ።

እኛ ስንማር ተኝቶ መታከም ሁለት ዓይነት ነው ተብለናል፤ በፈቃድና ያለ ፈቃድ። ይህን ልጅ የት ልመድበው? መድኃኒቱን ፈቅዷል፣ አልጋውን አልፈቀደም። በእግሩ መጥቶ በገዛ እጁ ፈርሞ የተኛ ሌላ ሰውም አውቃለሁ። ኋላ ስንጫወት እህቱ ቤት በጥገኝነት እንደሚኖርና የእህቱ ባል «ካልተኛህ ቤቴን አትረግጥም» እንዳለው ነገረኝ። በካርዱ ላይ ግን «በፈቃዱ» ተብሎ ተጽፎለታል።

እንግሊዞች በ1983 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጡት ሕግ ያለ ፈቃዱ ለምርመራ የተያዘ ሰው ከ28 ቀን በላይ እንዳይቆይ፣ ለሕክምና ከሆነም በመጀመሪያው ዙር ከስድስት ወር እንዳያልፍ ወስነዋል። የተያዘው ሰው አቤት የሚልበት ችሎትም አለው። እኛ ራሱን የቻለ የአእምሮ ጤና አዋጅ የለንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን አለን፤ እሱም በአእምሮ ሕመም ምክንያት ሆስፒታል የተኛን ሰው፣ በዚያ እስካለ ድረስ፣ እብደቱ የታወቀ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከሁለት ሺህ በታች ነዋሪ ባለበት የገጠር ቀበሌ ደግሞ ቤተሰቡ በሕመሙ ምክንያት እየጠበቀ እንዳይንቀሳቀስ ከከለከለው ያው ይበቃል። ገመዱ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው! ሕጉ የተጨነቀው ሰውየው ስለሚፈርመው ውል እንጂ ስለታሰረው እጁ አይደለም። በ2002 ያጸደቅነው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በበኩሉ ጉዳት ብቻውን ነፃነትን ለመንጠቅ ምክንያት አይሆንም ይላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የእናት ፊርማና የእኛ ድካም ነው።

ቤተሰብን ጨካኝ ማለቴ አይደለም። እኚህ እናት ሦስት ሳምንት በሩ ላይ ተኝተው ጠብቀዋል፤ ጸበልም ወስደውታል። ገመዱ የታመመ ልባቸው እንጂ ጭካኔያቸው አይደለም።

ይህ ሰፈር ደግሞ የ«ፈቃድ»ን ነገር ከማንም በላይ ያውቃል። ከቆሼ እልፍ ሲሉ አለርት ሆስፒታል አለ። የሥጋ ደዌ ያገኛቸው ሰዎች ከየአገሩ መጥተው ዙሪያውን ሰፈሩ። ማንም አስሮ አላመጣቸው ይሆናል፤ ግን ቀየው አላስቀምጥ ያለው ሰው በፈቃዱ መጣ ይባላል?

ያለ ፈቃድ ማከምን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀብሯል። ድምፅ የሚጠራው ልጅ በእንዲህ ያለ አፋፍ ላይ በሌሊት ሲንከራተት «ይፍቀድ» ብሎ ቆሞ መጠበቅ እሱን መክዳት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ መያዙ አይደለም፤ መቼ እንደሚያበቃ የሚናገር ወረቀት አለመኖሩና የተያዘው ሰው ለማን አቤት እንደሚል አለማወቁ ነው።

ልጁ ስምንት ቀን እንክብሉን ዋጠ። በዘጠነኛው ተፋው፤ በዚያው ሌሊት ወደ ተራራው ወጣ። ሲያመጡት ከጥበቃው ጋር ሆነን ያዝነው፣ ለምን እንደያዝነው ነገርነው፣ ወጋነው፣ ሪፈር ጽፈን ላክነው። ከወር በላይ ተኝቶ ወጣ። ለቀጠሮው ብቻውን ሲመጣ ሰውነቱ ሞላ ብሏል፣ ይስቃል።

«ሲስተር፣ ያን ቀን እጄን የያዝሽኝ አንቺ ነሽ። አልረሳውም» አለኝ።

ምን እላለሁ? አልዋሸም። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጻፍኩለት።

ዘመዳችሁን ይዛችሁ የምትመጡ፣ ገመዱን በራችን ላይ ፍቱት፤ ካስፈለገ እኛ አለን። ፊርማ ስንጠይቃችሁም «እስከ መቼ ነው? ማንስ መልሶ ያየዋል?» በሉን፤ መልሱንም ካርዱ ላይ አስጽፉ። ከእናንተ በፊት ግን እሱን ራሱን እንድንጠይቀው አስገድዱን።