ተጨማሪ መረጃ፦ የትውልድ ዓመትሽ ስንት ነው?

ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ አካውንት የሚከፍት ሰው ቢያንስ 13 ዓመት እንዲሞላው ይጠይቃሉ። ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። ሕጉ ያለ ወላጅ ፈቃድ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የግል መረጃ በኢንተርኔት መሰብሰብን ይከለክላል። ልጅ 13 ሲሞላው ከአደጋ ይድናል ማለት ግን አይደለም።

በእኛ አገር ሌላም ችግር አለ። የ10 ዓመት ተማሪ በእናቷ ስልክ አካውንት ልትከፍት ስትል የትውልድ ዓመቷን ትጠየቃለች፤ 2008 ብላ ትሞላለች። አልዋሸችም፤ በ2008 ዓ.ም. ነው የተወለደችው። መተግበሪያው ግን ቁጥሩን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚያነበው ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጃታል። ለልጆች የተዘጋጀው ጥበቃ ሳይሠራላት ሊቀር፣ የማታውቀው ሰውም መልእክት ሊልክላት ይችላል። በጣም የሚያሳስበው ይህ ነው።

ስለዚህ መምህራን፣ ዕድሜን መዋሸት ነውር መሆኑን ከማስተማራችሁ በፊት ስሌቱን በሰሌዳ ላይ አሠሯቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ ወዲህ ለተወለደ 8 ይደመራል። ተማሪዋ በሚያዝያ ተወልዳ ከሆነ 2008 ሲደመር 8፣ 2016 ብላ ትጽፋለች፤ አካውንቱም ገና እንደማይፈቀድላት ራሷ ታየዋለች።