የቮልስ ሞተር ሲፈታ

«ጋሼ፣ አንዴ ከተፈታ ሁሉንም ብንቀይረው ይሻላል» ይላል ሜካኒኩ። ባለቮልሱ ደግሞ ኪሱን እያሰበ «ግድ ያልሆነውን ተወው» ይለዋል። ቮልስ ይዞ ጋራዥ የተመላለሰ ሰው ይህን ንግግር አሳምሮ ያውቀዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ አንዱ ሞተር ሁለቴ ማውረድ አይፈልግም፣ ሌላው ገንዘብ ሁለቴ ማውጣት አይፈልግም። ጥፋቱ ሳይለኩ መወሰናቸው ነው።

ቮልስ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። መኪናዋ ግን መመረት ካቆመች ቆይታለች፤ የመጨረሻዋ፣ 21,529,464ኛዋ፣ ሜክሲኮ ፑዌብላ ካለው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2003 ነው። መለዋወጫዋ ዛሬም ይገኛል፤ ጥራቱ ግን እንደየሠሪው ይለያያል። ስለዚህ ተለክቶ ጤነኛ ሆኖ የተገኘ የድሮ የጀርመን ብረት፣ ካርቶኑ ካማረ ሠሪው ካልታወቀ አዲስ ዕቃ ይበልጥብኛል።

ሞተሩ ከኋላ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። ራዲያተርም ውኃም የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው አየርና ዘይት ነው። ለባለቤቱ ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው፦ እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው ይወልቃል። ቴስታታውን፣ ሲሊንደሩንና ፒስተኑን አውጥቶ መቀየር ይቻላል፣ ክራንክ ሻፍቱን የያዘው ሞኖብሎክ ሳይነካ። ሞኖብሎኩ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ፣ ለሁለት የሚከፈል ነው። እሱን መክፈት ሥራውንም ወጪውንም ወደ ሌላ ደረጃ ይወስደዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሞኖብሎኩ ይከፈት ወይስ አይከፈት?» የሚለው ነው።

ይህን ለማወቅ ሞተሩን ማውረድ እንኳ አያስፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቺንጊያ የሚዞርበትን የታችኛውን ፑሊ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ራስ መሳብ፣ መልሶ መግፋት ነው። ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚኖረው ጤነኛ እንቅስቃሴ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው፤ ከራስ ፀጉር ውፍረት ብዙም አይርቅም። ዓይን አያየውም፣ እጅም እምብዛም አይሰማውም። «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ካለ ግን ነገሩ ከ0.15 ሚሊሜትር ወሰን አልፏል፤ በመለኪያ ተረጋግጦ ሞተሩ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚበላው በፍሪሲዮን በኩል ያለው ዋናው ብሮንዚን ወይም ብሮንዚኑ የተቀመጠበት ሞኖብሎክ ነው። ሞኖብሎኩ ከተበላ አዲስ ብሮንዚን ብቻ መክተት ብር መጣል ነው፤ መጀመሪያ ቶርኖ ቤት ሄዶ መቀመጫው መስተካከል አለበት፣ ብሮንዚኑም በዚያው ልክ ወፍራም ሆኖ ይገዛል።

ፑሊው ጸጥ ካለ ወደ ኮምፕሬሽን እንሂድ። እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ወጥመድ አላት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ባሕር ዳርቻ 8 ባር የሚያነብ ሲሊንደር እዚህ 6 ገደማ ቢያነብ አልታመመም። የጀርመኑን መጽሐፍ ይዞ «ሞቷል» የሚል ሜካኒክ ጤነኛ ፒስተን ያስጥላል። መታየት ያለበት በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ ከወረደ ጥፋቱ እዚያው ነው።

የወረደበትን ምክንያት ለመለየት በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጠብ የማድረጉ የቆየ ዘዴ ቮልስ ላይ አይታመንም፤ ሲሊንደሩ ስለተኛ ዘይቱ ከታች ይጠራቀማል እንጂ የፒስተኑን ፋሻ ዙሪያውን አይደፍንም። ይልቅ ፒስተኑን ጫፍ አድርሶ፣ በዚያው ቀዳዳ የታመቀ አየር አስገብቶ ጆሮ መስጠት ነው። በካርቡራቶር በኩል ካፏጨ ማስገቢያው ቫልቭ ነው፤ በማርሚታ ከሆነ የጭስ ማውጫው ቫልቭ፤ በዘይት መሙያው በርትቶ ከነፈሰ ፋሻ ወይም ሲሊንደር።

የጭስ ማውጫ ቫልቭ ነገር ለብቻው ይነገር፤ ብዙ ቮልስ ገድሏል። ከፊት በግራ ያለው 3ኛው ሲሊንደር በቀደሙት ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ንፋሱን ስለሚጋርድበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣው ወደ ፊት ወጥቶ የራሱ የንፋስ መውጫ የተሠራለት ለዚህ ነው። ቫልቭ በተስተካከለ ቁጥር የአንዱ ክፍተት ጠብቦ ከተገኘ ቫልቩ እየተሳበ ወይም መቀመጫው እየሰመጠ ነው። አስተካክሎ ማለፍ አይበቃም። አንድ ቀን የቫልቩ ራስ ከዘንጉ ተቆርጦ ፒስተኑን ይበሳል። ስለዚህ ቴስታታ ከወለቀ አሮጌ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ተመልሶ አይግባ፤ ቢያምርም አይግባ። በካንዴላው ቀዳዳና በቫልቭ መቀመጫው መካከል ስንጥቅ እንዳለም በደንብ ይታይ።

ጓርኒሲዮንና ዘይት መያዣ ጎማ ያለ ክርክር ይቀየራሉ። ሞኖብሎክ ከተከፈተ ብሮንዚንም እንዲሁ። ፒስተንና ሲሊንደር በመካከላቸው ያለው ክፍተት 0.2 ሚሊሜትር እስኪደርስ ያገለግላሉ፤ ካለፈ አራቱም አብረው ይለወጣሉ፣ የፒስተኖቹም የክብደት ልዩነት ከ10 ግራም አይለፍ። ክራንክ ሻፍቱ ካልተሰነጠቀና በልኩ ካለ ተወልውሎ ይመለሳል፤ ከተጫረ በ0.25 ሚሊሜትር ደረጃ ይሞረዳል። ብሮንዚን በልቶ የቆመ ሞተር ከሆነ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው አይረሳ። የብረት ብናኝ በውስጡ ይደበቃል፤ ታድሶ የተገጠመውን ሞተር መልሶ የሚበላው እሱ ነው።

ቮልስዎን ጋራዥ ካስገቡ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የወለቀው ሁሉ በየሲሊንደሩ ቁጥር ካርቶን ላይ ይደርደር፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ ልኩ በእስክሪብቶ ይጻፍ። ዕቃ ለመግዛት ሶማሌ ተራ የሚሄዱት ያንን ካርቶን ካዩ በኋላ ይሁን።