ተራራን አንድ ጊዜ ማየት አይበቃም

በጎንደር አገር፥ ከደባርቅ ከተማ በስተምሥራቅ፥ ስሜን የሚባል ተራራማ አገር አለ። ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ራስ ዳሸን የሚገኘው በዚያ ነው። ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። የስሜን መልክ በየወቅቱ ይለወጣልና፥ አንድ ቀን ብቻ ያየው ሰው «አወቅሁት» ሊል አይገባውም።

በክረምት፥ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ፥ ወደ ስሜን የወጣ መንገደኛ ከበቅሎው ጆሮ አልፎ የሚያየው ጥቂት ነው። ርጥብ ነፋስ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ደመናና ጉም ይሆናል፤ ጉሙም ገደሉን ሁሉ ይሸፍናል። መንገዱ ጭቃ ነው፤ በረዶም ይጥላል። መንገደኛውም ተማርሮ፥ «በዚህ አገር ከጉም በቀር ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል። ነገር ግን በጉሙ ሥር ሣሩ ይበቅላል፤ ምንጩም ይሞላል።

በመጸው፥ ዝናቡ ካባራ በኋላ፥ በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ይጠራል። ያ መንገደኛ ያን ጊዜ ቢመለስ፥ በክረምት በአጠገቡ ያለፈውን ገደል አይቶ ይደነግጣል። ሜዳው ለምለም ነው፤ ገብሱም ይበስላል። ጭላዳ በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ሲመሽም ከአውሬ ለመዳን ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል።

በበጋ ቀኑ ብሩህ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። በከፍታው አየሩ ስስ ስለ ሆነ የቀኑን ሙቀት ይዞ አያቆይም። ስለዚህ እረኛው ለምዱን፥ እንግዳውም ጋቢውን አይለይም። ሣሩ ሲደርቅ ጭላዳ በጣቶቹ መሬቱን ቆፍሮ ሥር ይበላል። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክልም በዚያ ይታያል። ጅብራ ብዙ ዓመት ሳያብብ ይኖራል፤ በመጨረሻም አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፥ ዘሩን ሰጥቶ ይደርቃል። የአንድ ቀን እንግዳ ግን ያላበበውን አይቶ «ይህስ አበባ የለውም» ይል ይሆናል።

በጸደይ፥ በሚያዝያና በግንቦት፥ የቆላው ሙቀትና አቧራ ሩቁን ተራራ ያደበዝዘዋል። ገበሬው ዝናብ እየጠበቀ እርሻውን ያርሳል። ይህ ጊዜ ሣር የሚያንስበት ጊዜ ነው። የሰው ከብትና የዱር አውሬ አንዱን ግጦሽ ይሻማሉ። በጥቅምት ብቻ የመጣ እንግዳ «ሣሩ ለሁሉ ይበቃል» ብሎ ይሄዳል፤ ሚያዝያን ያየ ግን እንደማይበቃ ያውቃል።

በዚህም ዋልያ ተጎዳ። ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ የዱር ፍየል ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የስሜንን ፓርክ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እርሻውና ግጦሹ እየገፋ ዋልያውም እያነሰ ስለ ሄደ፥ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ጋር ተጻፈ። በ2016 የጊች መንደር ሰዎች የኖሩበትን አገር ለቀው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ስለዚህ ዋልያውን የሚያደንቅ ሰው፥ ቤቱን የለቀቀውን ገበሬም ሊያስብ ይገባዋል።

ሰውም እንደዚህ ተራራ ነው። ባልንጀራውን በኀዘኑ ቀን ብቻ ያየ ሰው፥ ጉም የሸፈነውን ገደል አይቷል። በደስታው ቀን ብቻ ያየውም፥ የሚጎድለውን አላወቀም። ብልህ ሰው ክረምቱንም በጋውንም ሳያይ አይፈርድም።