የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው ፓርኮች

የሚኒያፖሊስ ነዋሪ በየአራት ዓመቱ ለከተማው ምርጫ ሲወጣ ከንቲባውንና የሰፈሩን የምክር ቤት አባል መርጦ አይጨርስም። የምርጫ ወረቀቱ ላይ ሌላ የዕጩዎች ዝርዝር ይጠብቀዋል፤ የፓርክ ኮሚሽነሮች ዝርዝር። ኮሚሽነሮቹ ዘጠኝ ናቸው። ስድስቱ ከስድስት የፓርክ ወረዳዎች፣ ሦስቱ ከመላው ከተማ ይመረጣሉ። ተጠሪነታቸው ለመረጣቸው ሕዝብ እንጂ ለከንቲባው አይደለም። ዋና ሥራ አስኪያጁን የሚቀጥሩት እነሱ ናቸው፤ በጀቱን የሚያጸድቁትም እነሱ። ነዋሪው ከሚከፍለው የቤትና የመሬት ግብር የተወሰነው ድርሻ በቀጥታ ወደ ፓርኮቹ ይሄዳል። ሌላው ቀርቶ የራሳቸው ፖሊስ አላቸው።

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ከተሞች ፓርክ የሚተዳደረው በከንቲባው ሥር ባለ አንድ መምሪያ ነው። ገንዘብ ሲጠፋ ከፖሊስ፣ ከእሳት አደጋና ከመንገድ ጋር ተሰልፎ ይሻማል፣ ብዙውን ጊዜም ይሸነፋል። በሚኒሶታ ግዛት የምትገኘው ሚኒያፖሊስ ግን በ1883 ሌላ መንገድ መረጠች (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሜዳውን፣ ሐይቁንና ዛፉን ከከተማው ምክር ቤት ነጥላ ራሱን ለቻለ አካል ሰጠች። ያ አካል ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ ስሙም የሚኒያፖሊስ ፓርክና መዝናኛ ቦርድ ይባላል።

ይህ የሆነው ከተማዋ እንደ እብድ በምታድግበት ጊዜ ነበር። በሚሲሲፒ ወንዝ ፏፏቴ ላይ የተተከሉት የዱቄት ፋብሪካዎች ሰዉን ከየአቅጣጫው ይስቡ ነበር። በ1880 ወደ 47 ሺህ የነበረው ሕዝብ ከአሥር ዓመት በኋላ ከ164 ሺህ በላይ ሆነ። መሬት በየወሩ ዋጋው ይጨምራል፣ ቤት በየቀኑ ይሠራል፤ ለሕዝብ መናፈሻ የሚሆን ቦታ የሚያስቀር ግን አልነበረም። የከተማዋ ነጋዴዎች ከከተማው ምክር ቤት ጋር ተነጋግረው ውጤት ሲያጡ በቀጥታ ወደ ግዛቱ ሕግ አውጪ ሄዱ፣ ራሱን የቻለ የፓርክ ቦርድ የሚያቋቁም ሕግም አስወጡ። ምክር ቤቱ ሥልጣኔን ነጠቃችሁኝ ብሎ ተቃወመ። ናይትስ ኦፍ ሌበር የተባለው የሠራተኞች ማኅበርም ፓርኩ የሚጠቅመው ሀብታሞችን ነው በሚል ተቃወመ። በሚያዝያ ወር ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበና ቦርዱን የደገፉት አሸነፉ። የመጀመሪያው ሊቀመንበር ነጋዴው ቻርልስ ሎሪንግ ነበር፤ በመሀል ከተማ ጠርዝ ያለው ሎሪንግ ፓርክ የተሰየመው በእሱ ስም ነው።

ቦርዱ ሥራ በጀመረ በሁለት ወር ውስጥ ሆራስ ክሊቭላንድ የተባለ የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ ሐሳቡን ጽፎ አቀረበ። በወቅቱ ዕድሜው 68 ነበር። አበባና ሐውልት ስለሞላባቸው ያሸበረቁ አትክልት ሥፍራዎች ብዙም አልተጨነቀም። መሬቱ ገና ርካሽ ሳለ ግዙ፤ የወንዙን ገደልና የሐይቆቹን ዳር ያዙ፤ ከዚያ ሰፋፊ የዛፍ ጎዳናዎች አንዱን ከሌላው ያገናኙ፤ ማስዋቡን የልጅ ልጆቻችሁ ይደርሱበታል የሚል ነበር የሐሳቡ ፍሬ ነገር። ከተማዋ አንድ ቀን ሚሊዮን ሰው እንደሚኖርባት አድርጎ ነበር የሚያስበው። ዛሬ ከተማዋን የሚዞረውና ግራንድ ራውንድስ የተባለው ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የፓርክ ጎዳና ከዚያ ሐሳብ የበቀለ ነው። የሐይቆቹ ዳርቻ ከሞላ ጎደል የሕዝብ በመሆኑ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ውሃው ዳር ይቀመጣል፣ ይሮጣል፣ ልጁን ያዋኛል። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሐይቅ ዳርቻቸውን ለግል ቤቶች ሰጥተው ጨርሰዋልና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይሁንና በአሠራሩ ውስጥ የተደበቀ ችግር ነበር። ለመሬቱ መግዣና ለማልሚያ የሚወጣው ወጪ ባመዛኙ የሚሰበሰበው በአካባቢው ካሉ ባለንብረቶች ነበር። በ1911 የወጣው የኤልዌል ሕግ ይህንኑ አሠራር አጠናከረ። መክፈል የሚችል ሰፈር ፓርክ ጠይቆ ያገኛል፤ መክፈል የማይችለው ይጠብቃል። ስለዚህ ሐይቆቹ ያሉበት ደቡብ ምዕራቡ ሲያምር፣ ሠራተኛው የሚኖርባቸው ሰሜኑና ምሥራቁ ወደኋላ ቀሩ። የሠራተኞቹ ማኅበር በ1883 የሰጋው ስጋት ባዶ አልነበረም ማለት ነው። ሎሪንግንና ክሊቭላንድን የሚያወድሱ ጽሑፎች ይህንን ቶሎ ያልፉታል። እኔ ግን የዚህ ተቋም ታሪክ እውነተኛ ጭብጥ ይኸው ይመስለኛል።

በ1906 ቴዎዶር ዊርት የተባለ ስዊዘርላንድ የተወለደ አትክልተኛ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መጣና እስከ 1935 ቆየ። ረግረጋማውን የሐይቅ ዳር በማሽን አስቆፍሮ የሐይቅና የየብስ ወሰን አበጀ፤ ሐይቆቹን በቦይ አገናኘ። ከሁሉ በላይ ግን ፓርኩን ከመመልከቻነት ወደ መጫወቻነት የቀየረው እሱ ነው። «ሣሩን አትርገጡ» የሚሉት ሰሌዳዎች እንዲነሱ አድርጓል ይባላል። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ 400 ሜትር በማይርቅ ቦታ የመጫወቻ ሥፍራ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብም 800 ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሰፈር ማዕከል ይኑረው የሚለው መርሕም ከእሱ ጋር ይያያዛል። ልኬቱ የልጅን እግር ያገናዘበ ነው። ዛሬ የከተማዋ ነዋሪ ከሞላ ጎደል በሙሉ በአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ውስጥ ፓርክ አለው። ቦርዱ በዚያ ዘመን የሚሰጠውን ሥራ እንቢ የማይል ስለነበር ከ1928 ጀምሮ የከተማዋን አውሮፕላን ማረፊያ ጭምር ያስተዳድር ነበር፤ በ1943 ለዚሁ ሥራ የተለየ ኮሚሽን ሲቋቋም ነው ያስረከበው።

አሁን በቦርዱ እጅ ወደ 180 የሚጠጉ ሥፍራዎች አሉ፤ ስፋታቸው ከ2,700 ሄክታር በላይ ነው። በጎዳና ዳር ያሉት 200 ሺህ ገደማ ዛፎችም በእሱ ኃላፊነት ሥር ናቸው። በዛፎቹ ላይ የደረሰውን መናገር የፓርክ አስተዳደር ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ያሳያል። ጎዳናዎቹ ለአሥርት ዓመታት በአንድ የዛፍ ዓይነት፣ በኤልም፣ ተሸፍነው ነበር። ዛፉን የሚያደርቀው የፈንገስ በሽታ በ1960ዎቹ ገባ፤ በ1977 ብቻ ከ31 ሺህ በላይ ኤልም ተቆረጠ። በባዶው ቦታ አሽ የተባለ ሌላ ዛፍ በብዛት ተተከለ። በ2010 ደግሞ አሽ የሚበላ አረንጓዴ ጥንዚዛ ተገኘ፤ ቦርዱም ከ2014 ጀምሮ በስምንት ዓመት ውስጥ 40 ሺህ አሽ ነቅሎ በሌላ ለመተካት ለብቻው ግብር ጣለ። አሁን በአንድ ጎዳና ላይ ልዩ ልዩ ዝርያ እያፈራረቁ ይተክላሉ። ይህንን ትምህርት ያገኙት ሁለት ጊዜ ጎዳናቸውን ራቁቱን አይተው ነው።

ለቤተሰብ ከሁሉ የሚቀርበው ግን በየሰፈሩ ያሉት ማዕከላት ሥራ ነው። ቁጥራቸው ከአርባ በላይ ይሆናል። አብዛኞቹ ከውጭ ሲታዩ የሚያስደንቁ አይደሉም፤ ዝቅ ያለ የጡብ ቤት፣ የቅርጫት ኳስ ሜዳ፣ ሁለት ሦስት ክፍል፣ ትንሽ ወጥ ቤት። ዋጋቸው በሰዓታቸው ነው። ትምህርት ቤት ከተለቀቀበት እስከ ማታ ድረስ፣ ወላጅ ከሥራ ሳይመለስ፣ በሩ ክፍት ነው፤ ውስጥም ልጁን በስሙ የሚያውቅ ደመወዝተኛ ሠራተኛ አለ። በበጋ የሕፃናት መዋኛዎች ውሃ ይሞላሉ፣ ማታ ማታ በሜዳው ፊልምና ሙዚቃ ይቀርባል። የሚኒሶታ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሠራተኞቹ መሬቱ እስኪጠነክር ጠብቀው በብዙ ፓርኮች ውሃ ይረጫሉ፤ ያ ሲረጋ ሌላ ይደርባሉ፤ በረዶው ሰው እስኪችል ድረስ በስስ በስሱ ይደራረባል። አጠገቡ ሙቀት ያለው ቤት ይከፈታል፣ የራሱ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ የሌለው ልጅም በነፃ ይዋሳል። ከሞቃት አገር የመጣ ልጅ ከአምስት ወሩ ክረምት ጋር የሚታረቀው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ለጎረምሶች የሚዘጋጀው ለየት ይላል፤ አሥራ አምስት ዓመት የሞላውን ልጅ በሥዕል ወረቀት መያዝ አይቻልም። ቲን ቲምዎርክስ የተባለው ፕሮግራም በበጋ ወጣቶችን ደመወዝ እየከፈለ ፓርኩን ያሠራል፤ ይተክላሉ፣ ያጸዳሉ፣ ሰዓት አክብሮ መግባትንና ከአለቃ ጋር መነጋገርን ይለማመዳሉ። ናይት አውልዝ የሚሉት ማዕከላቱን ማታ ለወጣቶች ብቻ ክፍት ያደርጋል፤ ኳስ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ምግብ አለ። ስትሪትሪች ደግሞ ወደ ማዕከሉ የማይመጡትን ፍለጋ ወደ ጎዳና የሚወጡ የወጣት ሠራተኞች ቡድን ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተወሰኑ ማዕከላት የድምፅ መቅጃና የቪዲዮ ክፍሎች ተከፍተዋል። ወላጆች ልጆቻችን መንገድ ላይ ዋሉ ብለው ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ ቁም ነገሩ ግን በዚያ ሰዓት ሌላ የሚገቡበት ክፍት በር መኖሩ ነው፤ በሩ ክፍት የሚሆነው ደግሞ በጀት ላይ ሲጻፍ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ያ የድሮው የድሃና የሀብታም ሰፈር ጥያቄ ይመለሳል። በ2016 ቦርዱና የከተማው ምክር ቤት የሃያ ዓመት ስምምነት አደረጉ፤ በየዓመቱ ቢያንስ 11 ሚሊዮን ዶላር ለሰፈር ፓርኮች ጥገናና እድሳት እንዲውል። ገንዘቡ የት ቀድሞ ይሂድ የሚለው ለኮሚሽነሮች ድርድር አልተተወም። እያንዳንዱ የሰፈር ፓርክ ነጥብ ይሰጠዋል። በአካባቢው ድህነትና የዘር መገለል ተደራርበው ይታያሉ ወይ፣ ሕዝቡ ምን ያህል ጥቅጥቅ ብሎ ይኖራል፣ ስንት ልጆች አሉ፣ ሰፈሩ ምን ያህል ሰላም አለው፣ ዕቃዎቹ ምን ያህል አርጅተዋል፣ ባለፉት ዓመታት እዚያ ምን ያህል ገንዘብ ወጣ? ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ይቀድማል። ዝርዝሩም ለሕዝብ ይፋ ነው። ጩኸቱ የሚሰማለት ሰፈር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ይህ አሠራር ቦርዱ ከተመሠረተ ወዲህ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ የከፈለ ያገኝ ነበር፤ አሁን የጎደለበት ይቀድማል።

ችግሩ አላለቀም። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝና የጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ መገደል ያስከተለው ቁጣ በተገጣጠሙበት በጋ በፓውደርሆርን ፓርክ በመቶ የሚቆጠሩ የቤት አልባ ሰዎች ድንኳኖች ተተከሉ። ቦርዱ መጀመሪያ ፈቀደ፣ ቆይቶ ወሰን አበጀለት፣ በመጨረሻም አስነሳቸው። የቤት እጦትን መፍታት የከተማው፣ የአውራጃውና የግዛቱ ሥራ ነበር፤ እነሱ ሲያቅታቸው ሸክሙ ሣር አጭዶና ኳስ አስተምሮ በሚያድር ተቋም ላይ ወደቀ። በሐምሌ 2024 ደግሞ የፓርክ እንክብካቤና የዛፍ ሠራተኞቹ በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ሳይስማሙ ቀርተው ሥራ አቆሙ፤ በቦርዱ የ141 ዓመት ታሪክ የመጀመሪያው አድማ ነበር። ሦስት ሳምንት ገደማ ሣሩ አደገ፣ ቆሻሻው ተከማቸ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ፓርኩ በራሱ እንደማይጸዳ ያየ ይመስለኛል።

ከተማዋ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ብዙ ሰዎች መኖሪያ ናት። ሲዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር፣ በ1973 በተሠሩት ባለ ቀለም ረጃጅም ሕንፃዎች ሥር፣ ከሪ ፓርክ የተባለ ትንሽ ሜዳ አለ። ከሶማሊያ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ያሉበት ሰፈር ነው። ጓሮ የሌለው አፓርታማ ውስጥ አምስትና ስድስት ሆኖ ለሚኖር ቤተሰብ ያ ሜዳ ጓሮው ማለት ነው። በነጥብ አሰጣጡ ውስጥ የሕዝብ ጥግግትና የልጆች ቁጥር መግባታቸው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው የሚመለከተው።

ወገኖቻችን ከዚህ ተቋም ብዙ ይጠቀማሉ፤ በቦርዱ ስብሰባ ላይ ግን ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም። ለኮሚሽነር ለመምረጥ ዜግነት ያስፈልጋል፤ ለመናገር ግን አያስፈልግም። ቦርዱ ረቡዕ ማታ ማታ ይሰበሰባል፤ ነዋሪው አስቀድሞ ተመዝግቦ የሚናገርበት ጊዜም ይመደብለታል። የሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚቀርበው በመከር ወራት ነው፤ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ሆኖ ቆይቶ በታኅሣሥ ይጸድቃል። አንድ ፓርክ ሲታደስ ደግሞ በዚያው ሰፈር የምክክር መድረክ ይጠራል፤ የኳስ ሜዳ ይሁን የቴኒስ፣ መብራቱ እስከ ስንት ሰዓት ይብራ፣ አግዳሚ ወንበሩ የት ይቀመጥ በሚለው ላይ እዚያ ይመከራል። የኮሚሽነሮቹ ቀጣይ ምርጫ በኅዳር 2029 ነው።