ማንኮራፋቱ ጸጥ ሲል

አረርቲ ውስጥ ባል ቢያንኮራፋ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ደክሞት ነው፣ ተይው ይተኛበት።» ኅዳርና ታኅሣሥ ላይማ ማንም አይከራከርም። ቀኑን ሙሉ ጤፍ ሲያጭድና ሲከምር የዋለ የምንጃር ገበሬ ማታ ቤቱን ቢያናውጠው ምን ይፈረድበታል? ሚስት እንቅልፍ ሲነሳት ብርድ ልብሷን ይዛ ልጆቹ ጋ ትሄዳለች። ጠዋት ቡና ላይ «ወፍጮ ቤት አድሬ መጣሁ» ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ይስቃል። ሳቁን አልጠላውም። የሚከፋኝ ወሬው እዚያው ማለቁ ነው፤ ሴትዮዋ ሌሊት ከሰማችው ሁሉ ዋናው ሳይነገር ይቀራል።

ዋናው ድምፁ ሲቋረጥ ያለው ነው። ማንኮራፋቱ እየጎላ፣ እየጎላ ይሄድና ድንገት ጭር ይላል። ደረቱና ሆዱ ግን አላረፉም፤ አየር ለመሳብ እየታገሉ ነው። አሥር ሰከንድ፣ ሃያ፣ አንዳንዴ ሠላሳ። ከዚያ እንደታነቀ ሰው ተንደፋድፎ በኃይል ይተነፍሳል፣ ይገላበጣል፣ እንደገና ይጀምራል። በነጋታው ቢጠየቅ «ለጥ ብዬ ነው ያደርኩት» ይላል። አልዋሸም፣ የሚያስታውሰው ነገር የለም።

የሚያንኮራፋ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚያድረው ግን በሽተኛ ነው። እንቅልፍ ሲጸና የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ በአንዳንድ ሰው ምላስና የላንቃው ለስላሳ ክፍል ወደ ኋላ ወድቀው የአየሩን መንገድ ይዘጉታል። ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቆም ወይም በጣም ሲያጥር አንድ ተብሎ ይቆጠራል። በሰዓት 5 ሲሞላ ሕመሙ ጀምሯል፣ 30 ከደረሰ ከባድ ነው። በእያንዳንዱ መቋረጥ የደም ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ደንግጦ ሰውየውን ለቅጽበት ያነቃዋል፣ የደም ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል። እ.አ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ስሌት ከ30 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች አንድ ቢሊዮን የሚጠጉት ይህ ሕመም እንዳለባቸው ገምቷል።

አገሩ ለዚህ ሁሉ የራሱ ማብራሪያ አለው። ታንቆ ሲባንን ያየ «ዱካክ ተጫነው» ይላል። ልጅ ሲያንኮራፋና ጉሮሮው ሲዘጋ ደግሞ «እንጥሉ ወርዷል» ይባልና ቆራጭ ይጠራል። እንጥል ማስቆረጥ በአማራ ክልልም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ለዘመናት የኖረ ነገር ነው። ጎጂ ልማዶችን ለማስቀረት በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.አ.አ. የተቋቋመው ብሔራዊ ኮሚቴም ከታገላቸው አንዱ ይኸው ነበር፤ ባልተቀቀለ ምላጭ የተቆረጠ ሕፃን በደም መፍሰስ፣ በመንጋጋ ቆልፍ ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ሊሞት ይችላልና። በልጅ ላይ አየሩን የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ያበጠ ቶንሲልና ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው እጢ ነው፤ እሱን ደግሞ የአንገት በላይ ሐኪም በማደንዘዣ ያወጣዋል። ወላጆች ጉሮሮ ላይ አንድ ችግር እንዳለ መጠርጠራቸው ልክ ነበር፤ ምላጩ ነው ቦታውን የሳተው።

ጠበልም አለ። ሸንኮራ ዮሐንስ እዚያው አረርቲ ያለችበት ወረዳ ውስጥ ነው፣ ከሩቅ አገር ሳይቀር የሚመጣ ሕዝብ ያድርበታል። ጠበልና ሕክምና ይጣላሉ የሚል ካለ፣ በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.አ.አ. በ2007 የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበሉ ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸውን ማስታወስ ይበቃል። ለትንፋሹ ሕመምስ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግን ማን ከለከለ?

ሕክምናው ራሱ የቅርብ ጊዜ ነው። ከ1981 እ.አ.አ. በፊት ሕመሙ ለጸናበት ሰው የነበረው ዋና መፍትሔ አንገቱን በስቶ ቱቦ ማስገባት ነበር። በዚያ ዓመት ኮሊን ሱሊቫን የተባለ የሲድኒ ሐኪም የቫኪዩም ክሊነር ሞተር ገልብጦ አየር በአፍንጫ በኩል ነፋ፤ የግፊቱ አየር ጉሮሮውን ገፍቶ ከፍቶ ያዘው። አምስት በሽተኞች ጤናማ እንቅልፍ ተኙ። ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ የተወለደው እንዲህ ነው።

ከአረርቲ ሲታይ ግን መሣሪያው ሩቅ ነው። ውጭ አገር በመቶዎች ዶላር ይሸጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ጉሮሮው ተመልሶ ይዘጋል። ሕመሙን በትክክል የሚለካው ምርመራም ሰውየውን በሽቦ አስተኝቶ የሚያሳድር ነው፤ ይህ ከመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚጠበቅ አይደለም። ጥቁር አንበሳ እንኳ የሳንባ ሐኪሞችን በልዩ ደረጃ ማሠልጠን የጀመረው በ2013 እ.አ.አ. ነው።

አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችን ነገሩን የሚያውቁት በሥራቸው ነው። ትልልቅ መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያን የጤና ፈቃድ ሊያሳድሱ ሲሄዱ አንገታቸው ይለካል፤ ሐኪሙ ከተጠራጠረ ወደ እንቅልፍ ምርመራ ይልካቸዋል። ሥጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በታኅሣሥ 2013 እ.አ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ አራት ሰው ሞተ፤ ሹፌሩ ያልታወቀለት የትንፋሽ መቋረጥ ሕመም ነበረበት። የአሜሪካ መንግሥት በ2016 እ.አ.አ. ምርመራውን ለሹፌሮች ግዴታ ሊያደርግ አስቦ በ2017 ተወው፤ ጥርጣሬው ግን ከሐኪሞቹ አልወጣም። ከአረርቲ ሽንኩርት ጭኖ በኤጀሬ አድርጎ ወደ ሞጆ የሚወርደው የአይሱዙ ሾፌርስ? መሪ ላይ ቢያንቀላፋ «ጫት አልቃመም» እንጂ «ማታ ትንፋሹ ሲቆም አድሮ ነው» የሚለው የለም።

እዚህ ላይ ነው የሚስትየዋ ጆሮ ዋጋ የሚኖረው። ሽቦውም ላቦራቶሪውም በሌለበት ቦታ ሌሊቱን ያየው ምስክር እሷ ብቻ ናት። ቶሮንቶ ውስጥ በ2008 እ.አ.አ. የተዘጋጀና ዛሬ በብዙ አገር ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ስምንት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ በቀጥታ «ተኝተህ ትንፋሽህ ሲቆም ያየ ሰው አለ?» ይላል። ሌሎቹም ሜትር፣ ሚዛንና የግፊት መለኪያ ካለ የሚመለሱ ናቸው፦ ድምፁ በተዘጋ በር ይሰማል ወይ፣ ቀን ይደክመዋል ወይ፣ ግፊት አለበት ወይ፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ውፍረት፣ የአንገት ዙሪያ። በየወሩ የግፊት ክኒን እየወሰደ ግፊቱ አልወርድ ያለው ሰው ይህን መጠየቅ አለበት፤ ለማይወርድ ግፊት ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነውና። ጥያቄው ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ታወቀ እንበል፤ መሣሪያው እስኪገኝ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። በጀርባ መተኛት ያባብሰዋል፤ ሸሚዙ ጀርባ ላይ ኪስ ሰፍቶ የጨርቅ ኳስ መክተት ሰውየውን በጎኑ ያስተኛዋል፤ አስቂኝ ነው፣ ለአንዳንዱ ግን ይሠራል። አረቄ ከመኝታ በፊት ጉሮሮውን የባሰ ያላላዋል፣ የእንቅልፍ ክኒንም እንዲሁ። ክብደት የጨመረ ሰው ከክብደቱ 10 በመቶ ቢቀንስ መቋረጡ በሩብ ያህል እንደሚቀንስ የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች በ2000 እ.አ.አ. አሳይተዋል። ከሲታ ሰውን ግን ይህ ምክር አይመለከተውም፤ አገጩ ወደ ኋላ የገባ ቀጭን ሰውም ይታመማልና። ሚስትየዋም ለሐኪም ከመተረክ ይልቅ በስልኳ አምስት ደቂቃ ብትቀዳ ይሻላል፤ ድምፁ ጭር የሚልበትና ተመልሶ የሚፈነዳበት ቦታ ከገባ ሐኪሙ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እስካሁን ባል ያንኮራፋል፣ ሚስት ትሰማለች ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ቡና ላይ የሚወራውም እንደዚያ ነው። ሴት ግን በተለይ የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ በዚሁ ሕመም ትያዛለች። «ታንኮራፊያለሽ» መባልን ታፍርበታለች፤ ባልየውም ከድካሙ ብዛት አይሰማት ይሆናል፣ ቢሰማም ለጨዋነት ዝም ይላል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ የምትናገረው የጠዋት ራስ ምታትና የማይለቅ ድካም ነው፤ ስለ ሌሊቱ የሚጠይቃት ከሌለ የደም ማነስ ክኒን ይዛ ትመለሳለች።